የሁለት ደቂቃ ፉከራ

ብቸና ውስጥ ቪዲዮ ቤት በፈላበት ዘመን ከፊልሙ በፊት የምናየው ሰሌዳውን ነበር። በሩ ጎን ተደግፎ ይቆማል፤ በጠመኔ እንዲህ ተጽፎበታል፦ «8፡00 ሰዓት ጃኪ ቻን! 10፡00 ሰዓት ቫንዳም!! ማታ 1፡00 ሰዓት ብሩስ ሊ፣ አዲስ ፊልም!!!» ብሩስ ሊ ከሞተ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልፎታል። አዲስ መባሉ ግን ማንንም አላስደነቀም። ሰሌዳውን ማንበብ ተምረን ነበርና፤ አንድ ቃለ አጋኖ ያለበት ፊልም ደኅና ነው፤ ሁለት ያለበት ያጠራጥራል፤ ሦስት ያለበት ባለቤቱ ራሱ አይቶት የማያውቀው ነው።

ካሴቱ ዴክ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሌላ ሰሌዳ ይመጣል። ዋናው ፊልም ከመጀመሩ በፊት ያልከፈልንባቸው ሁለት ሦስት ፊልሞች ተራ በተራ ብቅ እያሉ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይፎክሩብናል። ትሬለር መሆኑ ነው። የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ «ማስታወቂያ ነው» ብሎ ሊያሳልፈው ሪሞት ሲያነሳ ቤቱ በአንድ አፍ ይጮኻል፦ «ተወው!» ትሬለር ውስጥ ማን ያወራል? ማን ያለቅሳል? ማን ያገባል? ካልቾ፣ ቦክስ፣ ጠረባ፣ መስታወት ሰብሮ መውደቅ፣ ከዚያ እንደገና ካልቾ። የሚናገረው አንድ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ሰውዬ ብቻ ነው፤ እሱም በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚለውን የሚያውቅ የለም፤ ግን ሁላችንም ደማችን ይፈላል። የዚህ ዓይነቱ ድምፅ ንጉሥ ዶን ላፎንቴን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። በ2008 እስኪሞት ድረስ ከ5 ሺህ በላይ ትሬለሮች ላይ ተናግሯል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ፊልሞቹ የእነሱ ናቸው።)

ሞጣ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ሁላችንም «አያ» የምንላቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ፍለጋ ቪዲዮ ቤት ገብተው እንዲህ ያለ ትሬለር ላይ ደረሱ። ዱላቸውን ጉልበታቸው መሀል ተክለው እስኪያልቅ ተመለከቱ። ከዚያ ዞር ብለው ጠየቁ።

«ይኼ ሲፎክር የነበረው ሰውዬ የታል? ሲዋጋ አላየሁትም።»

«አያ፣ እሱኮ አይዋጉም። የሚናገር ብቻ ነው።»

«ታዲያ በማን ክንድ ነው የሚፎክረው?»

ስለ ካራቴ ፊልም ትሬለር ከዚህ የተሻለ ሂስ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። የመለሰላቸው ልጅ ደንግጦ ባለድምፁን በአንቱታ መጥራቱም አልተሳቀበትም፤ ሽማግሌ ፊት ሲቆሙ አንቱታው ለሁሉም ይዳረሳል።

ብቸናና ሞጣ ያሉበት ጎጃም ለፉከራ እንግዳ አይደለም። ሠርግ ላይ፣ ግብዣ ላይ አንዱ ጋቢውን አጣፍቶ ይነሳል፤ ወዲህ ወዲያ ይንጎራደዳል፤ «ዘራፍ!» ይላል፤ አባቱን፣ አያቱን፣ ክንዱን፣ ጠመንጃውን እየጠራ መሬቱን ይደበድባል። ያጋንናል? ያጋንናል እንጂ። ግን ዘራፍ ያለው ሰው እዚያው ነው የቆመው። ጎረቤቱ ያውቀዋል፤ ሚስቱ ታውቀዋለች፤ ነገ ከጅብ ቢሸሽ «አንተ አልነበርክም እንዴ ትናንት ማታ…» የሚለው አይጠፋም። ደግሞም ይህ የበላይ ዘለቀ አገር ነው። አባ ኮስትር በላይ ጣልያንን አምስት ዓመት የተዋጋው በዚሁ በብቸና ምድር ነው፤ ስለ እሱ የሚፎከረው ሁሉ ከሠራው ቢያንስ እንጂ አይበልጥም ብሎ የሚያምን ሕዝብ ፊት ነው ሆሊዉድና ሆንግ ኮንግ «ዘራፍ» ሊሉ የመጡት። ትሬለር ጥፋቱ መፎከሩ አይደለም። ፎካሪውና ተዋጊው የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ተዋጊው ጭራሽ የለም። የብሩስ ሊን «ጌም ኦፍ ዴዝ» ውሰዱት። ትሬለሩና ፖስተሩ ላይ ብሩስ ሊ ጥቁር መስመር ያለበት ቢጫ ቱታ ለብሶ ቆሟል። ከቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ከካሪም አብዱል ጀባር ጋር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ18 ከሆነ ሰው ጋር፣ ሊጋጠም ነው። ይህን ዓይቶ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ብር የማያወጣ ልጅ የለም። እውነቱ ግን ይህ ነው። ብሩስ ሊ እነዚያን ድብድቦች በ1972 ቀረጸና ፊልሙን አቋርጦ «ኢንተር ዘ ድራጎን»ን ሊሠራ ሄደ፤ ሐምሌ 1973 በ32 ዓመቱ ሞተ። ፊልሙ በ1978 ሲወጣ እውነተኛው ብሩስ ሊ የሚዋጋበት ክፍል 11 ደቂቃ ገደማ ነው። በቀረው አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚመላለሰው ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ፂም የተለጠፈለት፣ ጀርባውን የሚያበዛ ሌላ ሰው ነው። አንድ ቦታ ላይ ሰውዬው መስታወት ፊት ተቀምጦ የብሩስ ሊ የካርቶን ፎቶ ፊቱ ላይ እንዲያርፍ ተደርጓል። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ፊልሙ ውስጥ ቁጭ ብሏል። በዚህም አልበቃቸውም፤ የራሱን የቀብር ሥነ ሥርዓት ቀረጻ፣ አስከሬኑን ሳይቀር፣ ታሪኩ ውስጥ ከተቱት። እኛ ደግሞ ቪዲዮ ቤት ቁጭ ብለን «አክተር አይሞትም» እንላለን።

ከዚያ አስመሳዮቹ መጡ። የታይዋኑ ብሩስ ሊ፣ በርማ የተወለደው ብሩስ ሌ፣ የኮርያው ድራጎን ሊ። ፈረንጆቹ የመጀመሪያውን ከእውነተኛው የሚለዩት በስሙ አጻጻፍ ነው፤ በእኛ ፊደል ሁለቱም «ሊ» ናቸውና የቪዲዮ ቤታችን ሰሌዳ መዋሸት እንኳ አላስፈለገውም። «ብሩስ ሊ፣ አዲስ ፊልም!!!» እውነት ነበር። አዲስም ነው፣ ብሩስ ሊም ነው።

ቫንዳምን ግን ማንም ሲያስመስለው አላየሁም፤ እግሩን እንደዚያ የሚከፍት ሁለተኛ ሰው አልተገኘም መሰለኝ። ፉከራው ያለው ሌላ ቦታ ነው። የ1988ቱ «ብለድስፖርት» እውነተኛ ታሪክ ነው ተብሎ ነው የመጣው። መጨረሻው ላይ ጽሑፍ ይወጣል፤ ፍራንክ ዱክስ የተባለው ባለታሪክ 329 ጊዜ ተጋጥሞ አንዴም አልተሸነፈም ይላል። ጋዜጠኞች ተነስተው ሲያጣሩ የዚያ ሁሉ ድብድብ ማስረጃ ጠፋ። 329! ሠርግ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር የጠራ ሰው ቢኖር የሙሽራው አጎት «ኧረ ሠላሳውን ለነገ አቆይልን» ይለው ነበር። ፊልሙ ግን ይታያል፤ እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ነገም ቢመጣ አያለሁ።

የትሬለር ተንኮል የቱ ላይ እንዳለ ለማወቅ የፊልም ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። እግር ሲነሳ ተመልከቱ፤ ሲያርፍም ተመልከቱ። ትሬለር ላይ እግር ይነሳል፤ ቀጥሎ የምናየው ፊት ነው፤ ቀጥሎ የሚሰበር ጠረጴዛ፤ ቀጥሎ የምትጮህ ሴት። እግሩ የት እንዳረፈ የሚያውቀው መቀስ የያዘው ሰው ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት እኔንም ቢቀርጹኝ፣ ያውም በዚህ ሆዴ፣ ሁለት ደቂቃ የሚያስፈራ ሰው ይወጣኛል። እያንዳንዱ ቁራጭ ምስል ከሰከንድ በታች ከሆነ ማንም ሰው ጀግና ነው። መዋጋት የሚችልና የማይችል የሚለየው ካሜራው ሳይቆረጥ ሲቆይ ነው።

ሳይቆረጥ የሚቆይም አለ። ታይላንዳዊው ቶኒ ጃ በ2005 በወጣው «ቶም ዩም ጉንግ» ፊልም ውስጥ ደረጃውን እየወጣ ያገኘውን ሁሉ እየጣለ ሲሄድ ካሜራው አራት ደቂቃ ያህል ሳይቆረጥ ይከተለዋል። ወደ መጨረሻው ልጁ እንደደከመ ይታያል፤ እውነተኛ ድካም ነው። ከዚያ በፊት በ2003 «ኦንግ ባክ» ሲመጣ ፉከራው «ገመድ የለም፣ ኮምፒውተር የለም፣ በእሱ ፋንታ የሚወድቅ ሰው የለም» የሚል ነበር። ቃሉንም ጠበቀ። እንዲያውም የፎከረው የሠራውን ነው ማለት ይቀላል።

«ኦንግ ባክ» ብቸና ላይ የሠራው ግን በክርን ምቱ ብቻ አይደለም። ታሪኩ የአንድ ገጠር ነው። ከመንደሩ ቤተ መቅደስ የቡድሃው ጭንቅላት ተሰርቆ ይወሰዳል፤ አንድ ልጅ ሊያስመልስ ወደ ትልቁ ከተማ ይላካል፤ የመንደሩ ሰው ያለውን ሳንቲም አዋጥቶ ስንቅ ይሰጠዋል። ታቦት ተሰርቆበት የሚያውቅ አገር ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም። እኛ ያየነው ትሬለር ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ ልጁ ሰው ራስ ላይ እየዘለለ ሲሄድ ብቻ ነው የሚያሳየው። በር ላይ ቆሎ የምትሸጠዋ እናት ድምፅ ሰምታ ገባ ብላ፣ ነገሩ ሲነገራት ዘንቢሏን አስቀምጣ ተቀመጠች። «የሰረቀውማ ይመታ!» አለች። ቆሎው ያን ቀን ሳይሸጥ ዋለ።

ብቸናና ሞጣ ላይ ፊልም የሚያሳይ ሰው አንድ ነገር ማወቅ ነበረበት፤ የሚያሳየው ዱላ ለሚያውቅ ሰው ነው። እዚህ ዱላ ሳይዝ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ያለ አይመስለኝም። ብሩስ ሊ በሰንሰለት የተያያዙ ሁለት ቁራጭ ዱላዎቹን ብብቱ ሥር እያሽከረከረ ሲጮህ ልጆቹ ተነስተን እናጨበጭባለን፤ ከኋላ የተቀመጠው ገበሬ ግን «እስኪጨርስ የሚጠብቀው ለምንድን ነው? በሎሚ ሽመል አንድ ጊዜ ቢለው አይወድቅም?» ይላል። መልስ የለንም። ጃኪ ቻን በ1978 የሠራው «ድረንከን ማስተር» ደግሞ ሰክሮ የሚዋጋ ልጅ ታሪክ ነው። ትሬለሩ ላይ ማሰሮውን አንቆርቁሮ ዐሥር ሰው ሲጥል ያየ አንድ ጎልማሳ «ይኼ የምን አገር አረቄ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እሱ የሚያውቀው አረቄ ዐሥር ሰው ሳይሆን ጠጪውን ነው የሚጥለው።

ትሬለር የሚዋሸው ባሳየው ብቻ አይደለም፤ ባላሳየውም ይዋሻል። የ1978ቱን «የሻኦሊን 36ኛ ክፍል» ያየ ያውቀዋል። እኛ ያየነው ትሬለር የጦርነት ነው። ፊልሙ የትምህርት ቤት ነው። ጎርደን ሊዩ የተባለው ተዋናይ መነኮሳቱ ዘንድ ገብቶ ኩንግ ፉ አስተምሩኝ ይላል፤ እነሱ ውኃ ቅዳ ይሉታል። ውኃውን የሚቀዳው ሁለት እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ነው፤ ክንዱ ሥር ስለት ታስሮበታል፤ ደክሞት እጁን ዝቅ ካደረገ ራሱን ይወጋል። ይህን ሲያዩ ፊልሙ የረዘመባቸው ልጆች «አሳልፈው!» ሲሉ፣ አንድ ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ በልጅነቱ ዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ ቅኔ የተማረ ሰው ብቻውን ይስቅ ነበር። እሱ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የኖረ ነው። ለየኔታ እንጨት ለቅሟል፤ ውኃ ቀድቷል፤ በመጀመሪያው ዓመት የተማረው ውኃ መቅዳት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። «አሁን ገና እውነት ጀመረ» አለ። ቤቱ ውስጥ ትሬለሩ ያላታለለው ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ትሬለሩ ላይ ሲያንቀላፋ ነበርና።

እንግዲህ ትሬለር ይዋሻል ብዬ ልጨርስ አልቻልኩም፤ ጃኪ ቻን አለ። የእሱን ፊልሞች ያየ ሰው ፊልሙ አለቀ ብሎ አይነሳም። ስም ዝርዝሩ ሲወርድ ጎን ለጎን የተበላሹት ቀረጻዎች ይመጣሉ፤ ሲወድቅ፣ ሲደማ፣ በቃሬዛ ሲወሰድ። በ1986ቱ «አርመር ኦፍ ጋድ» ዩጎዝላቪያ ውስጥ ከዛፍ ወድቆ ራስ ቅሉ ተሰንጥቋል፤ ለሞት ትንሽ ነው የቀረው። «ራምብል ኢን ዘ ብሮንክስ»ን ሲሠራ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ጀሶ ላይ ጫማ የሚመስል ቀለም የተቀባ ካልሲ አጥልቆ ቀረጻውን ቀጥሏል። «ፖሊስ ስቶሪ» ላይ ደግሞ የገበያ ማዕከሉ ውስጥ አምፖል በተጠመጠመበት ምሰሶ ላይ ተንሸራቶ ሲወርድ እጁ ተቃጥሏል፤ ይህቺን መውረድ ፊልሙ ከተለያየ አቅጣጫ ሦስት ጊዜ መላልሶ ያሳያታል፤ ልክ ነው፣ ተቃጥሎላታልና። ይህ ነው ፉከራ። ከሥራ በኋላ የመጣ፣ ጠባሳ የሚቆጥር። የሞጣው ሽማግሌ ይህን ቢያዩ ኖሮ በማን ክንድ ነው ብለው የሚጠይቁ አይመስለኝም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ አላየነውም፤ «ጨርሷል!» ብሎ ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋው የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ የሚቀጥለውን ተመልካች ሊያስገባ ይቸኩላል። ውሸቱን ከፊት ሙሉውን ያሳየንና እውነቱን ከኋላ ይቆርጥብናል።

አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ነገር ፍርድ ቤት ይወስዱታል። የካራቴ ባይሆንም በ2019 የወጣውን «የስተርዴይ» ፊልም ሁለት ሰዎች 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ከፍለው ተከራዩ፤ ትሬለሩ ላይ ያዩዋት አና ዴ አርማስ የተባለች ተዋናይ ፊልሙ ውስጥ የለችም። ከሰሱ። ታኅሣሥ 2022 ላይ ዳኛው ትሬለር የንግድ ማስታወቂያ ነው፣ በሐሰት ማስታወቂያ ሊያስጠይቅ ይችላል አሉ። ከሳሾቹ በኋላ እንዳሰቡት ባይቀናቸውም ቃሉ ተነግሯል። በእኛ ቪዲዮ ቤት ክርክሩ አጭር ነበር።

«ብሬን መልስልኝ! ሰሌዳው ላይ ያለው ሰውዬ አልመጣም!»

«ሰሌዳውን በነጻ አይደል ያነበብከው? ዋሽቶህም ከሆነ በነጻ ነው የዋሸህ።»

ዛሬ ቪዲዮ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ሞጣ መናኸሪያ አካባቢ ሊስትሮ የሚሠሩት ልጆች ሁሉንም ከስልካቸው ያዩታል፤ ያውም ሁለት ደቂቃው ረዝሞባቸው ዐሥራ አምስት ሰከንዱን። «ፊልሙንስ?» ስላቸው «ምን ያደርግልናል፣ የሚመታበት ቦታ ይኸው አይደል» ይሉኛል። እንግዲህ ለእነሱ ትሬለሩ ውሸት ሊሆን አይችልም፤ የሚያጋልጠውን ፊልም አያዩትማ።

ካራቴ ፊልም እንደ ድሮው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ የሚታይበት ቦታ የቀረው አውቶቡስ ብቻ ይመስለኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞጣ የሚሄደው። ረዳቱ ዓባይ በረሃ እስኪያልቅ መዝሙር ወይም ዘፈን ያሰማል፤ በረሃው ውስጥ ማንም ልቡ ለፊልም አይሆንለትም። ደጀን ሲደርስ ፊልሙን ይከፍታል። ችግሩ ደጀንና ብቸና ይቀራረባሉ። ፊልሙ ደግሞ ይረዝማል። የሞጣ ተሳፋሪ ተደላድሎ ያያል፤ የብቸና ተሳፋሪ ግን መምህሩ እንደተገደለ፣ ልጁ በቀል እንደማለ፣ ከዋናው ክፉ ሰውዬ ጋር ገና ፊት ለፊት እንደቆመ «ብቸና ወራጅ!» ይባላል። ሻንጣው በትከሻው፣ አንገቱ ወደ ኋላ ዞሮ፣ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ ሆኖ ይቆማል። «ወንድምዓለም፣ ውረድ እንጂ!» ይላል ረዳቱ። የብቸና ሰው ሙሉ ፊልም አይቶ አያውቅም፤ ያየው ሁሉ ረጅም ትሬለር ነው።

አንድ የሞጣ ጓደኛ አለኝ፤ አብረን ስንመጣ እኔ ወርጄ እሱ ይቀጥላል። አንድ ቀን እንዲህ ከተለያየን በኋላ ማታ ደወልኩለት።

«በሰላም ገባህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አክተሩስ?»

«ኧረ ተወኝ! አንተ እንደወረድክ…» ብሎ ጀመረ። ሰውዬው ጎራዴ መዘዘ አለ። ልጁ በባዶ እጁ ገባበት አለ። ጣራ ላይ ወጡ፤ ከጣራ ወደቁ፤ ወንዝ ውስጥ ገቡ፤ ልጁ አንድ ዓይኑ ደም ሞልቶት እያለ የመምህሩን ስም ጠርቶ በቴስታ ጨረሰው። ስልኩን ይዤ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ነበር። ሂሳቤ እስኪያልቅ ሰማሁት።

ቆይቶ ያንን ፊልም አንድ ሰው ፍላሽ ውስጥ አገኘሁትና እስከ መጨረሻው አየሁት። ጎራዴ የለም። ወንዝ የለም። ክፉው ሰውዬ በሄሊኮፕተር ሊያመልጥ ሲል ፖሊስ ደርሶ ይይዘዋል፤ አለቀ። ተናድጄ ደወልኩ። ደብረ ወርቅን ሳያልፉ እንቅልፍ ወስዶት ኖሯል።

«ታዲያ ምን አስዋሸህ?» አልኩት።

«የኔው አይሻልም?» አለኝ።